በቢጫው መስመር ላይ መሳለም

ወንበር ላይ ተረጋግቼ መቀመጥ አልችልም። መጽሐፍ እንኳ ሳነብ፣ ያውም የምወደውን፣ በየመሃሉ ተነስቼ በሩ መቆለፉን አይቼ እመለሳለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ቀኑን ሙሉ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ሰው እንድትጠብቅ መመደቧን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። ግን ዝምተኛ ነኝ። አለቆቼ ዝምታዬን እርጋታ መሰላቸው።

ክፍሏ ከልደታ ባቡር ጣቢያ መድረክ ሥር ነበረች። መስኮት የላትም። ባቡሩ ከላይ ሲያልፍ ጣሪያው ይንቀጠቀጥና የሻይ ብርጭቆዬ ከማንኪያው ጋር ይንጫጫል። መጀመሪያ ቲኬት ሻጭ ነበርኩ፤ በደረጃው ግርጌ፣ ከፀሐይ ጋር እየተጋፋሁ። ወደዚህች ክፍል የተዛወርኩት አዲሱ ማሽን ሲመጣ ነው፤ ባቡሩ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ገደማ።

ካሜራ ድሮም ነበረን፤ ግን ካሜራው የሚያየውን አያውቅም። የባቡር መግቢያውንም፣ የሚያንቀላፋውን ዘበኛም፣ የጠፋችውን ድመትም እኩል ያሳየናል፤ የቱ አሳሳቢ እንደሆነ የምንለየው እኛ ነን። አዲሱ ማሽን ግን ያውቃል ተባለ። ባቡር ሳይቆም ሰው ከመድረኩ ጠርዝ ያለውን ቢጫ መስመር ካለፈ፣ ስክሪኑ ላይ በቀይ አራት ማዕዘን ይከበዋል፤ እኛ ክፍል ውስጥ ደወል ይጮሃል፤ መድረኩ ላይ ደግሞ የተቀዳች የሴት ድምፅ «እባክዎ ከቢጫው መስመር ወደኋላ ይበሉ» ትላለች። ለሙከራ የተተከለው በእኛ ጣቢያ ብቻ ነበር። ከተሳካ ወደ ሌሎቹም ይሄዳል፤ ካልተሳካ ይነቀላል። ደወሉን «ጯሂዋ» አልነው። ጠዋት ሥራ ስንቀባበል የመጀመሪያው ጥያቄ «ጯሂዋ እንዴት አደረች?» ሆነ።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ማትሪክ ሲወስዱ ነው። በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ቀን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡ ከዋሉ ሴቶችና ከጥበቃ ሠራተኞች ጋር፣ አንድ ዴስክ ላይ ተጣበን ፊደል ቆጠርን። እንዲያ ተምሬ ስለሆነ ይሁን በተፈጥሮዬ፣ አንድ ነገር «ይሠራል» ከተባለ እንደተባለው ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ፤ ካልሠራ እንቅልፍ ይነሳኛል። ያሳደጉኝ የእናቴ ታላቅ እህት «አንቺ ልጅ፣ ሩዝ ስትለቅሚ እንኳ ሩዙ ይፈራሻል» ይሉኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ነበሩ። ደንቡን የሚጥሱት በአብዛኛው ጎረምሶች ናቸው። አንዱ ሆን ብሎ እግሩን ከመስመሩ ያሳልፍና ጓደኛውን በክርኑ ይጎስመዋል።

«ጀለሴ፣ ስማት፣ ስማት! አሁን ትናገረኛለች።»

«እባክዎ ከቢጫው መስመር…»

«እባክዎ አለችኝ እኮ! እናቴ እንኳ እንዲህ አክብራኝ አታውቅም!»

በማይክሮፎኑ «ባለ ቀይ ኮፍያው፣ ወደኋላ» ስላቸው ይደነግጣሉ፤ የሚያያቸው ሰው ያለ አይመስላቸውም። ከዚያ ይስቃሉ። እኔም ሥር ሆኜ ፈገግ እላለሁ።

ከዚያ ወር ገባ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ነው፤ ሰፈሩ በነጭ ልብስ ይሞላል። ጯሂዋ ገና ማለዳ ጀመረች። አንድ ጊዜ፣ ደገመች፣ ሠለሰች፤ ከዚያ ዝም የምትልበት ጊዜ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ቀዮቹ አራት ማዕዘኖች ይበቅላሉ፣ ይጠፋሉ፣ ይበቅላሉ። ሁሉም በአንድ ቦታ፦ ባቡሩ ከሜክሲኮ በኩል በሚገባበት በመድረኩ ጫፍ። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ደረጃውን ወጣሁ።

አልተበላሸም። ሰዎች እየተሳለሙ ነው።

የልደታ ማርያም ጉልላት ከሐዲዱ ማዶ ነው። ከመድረኩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መዞር ማለት ወደ ሐዲዱ መዞር ማለት ነው። ያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ግን ማዶ ካለው ሕንፃ ላይ ትልቅ የቢራ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ጉልላቱን እንዳለ ይጋርደዋል። ጉልላቱ የሚታየው ከመድረኩ ጫፍ፣ ያውም ወደ ጠርዙ ጠጋ ካሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ከባቡር የወረደ ሁሉ ወደዚያ ጫፍ ይሄዳል፣ ጠጋ ይላል፣ ያማትባል፣ ጎንበስ ይላል። ሥራ የረፈደበት ባለ ክራቫት ቦርሳውን በብብቱ ይዞ ጎንበስ ይላል። ተማሪዋ ጎንበስ ትላለች። ሲጎነበሱ ጭንቅላታቸው ከመስመሩ ያልፋል፤ የአንዳንዶቹማ ነጠላ ከጠርዙ በታች ይንጠለጠላል። ደግሞ ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ተሳልሞ ዞር ሲል ሌላው ይተካል፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ትከሻ ነካ አድርጎ «አንዴ» ይላል። የተቀዳችው ሴት ትለምናለች። የሚሰማት የለም። እንዴትስ ይሰማታል? ማርያምን ሰላም እያለ ያለ ሰው በማሽን ጥሪ መሃል ላይ ቀና ይላል እንዴ?

አለቃችን ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ከእኔ በብዙ ዓመት ያንሳል። «ኢንጂነር» እለዋለሁ፣ «እትዬ» ይለኛል። ሁለታችንም አንቱ እንባባላለን፤ እሱ ለዕድሜዬ፣ እኔ ለወንበሩ። በዚያ ቀን ከሰዓት ጆሮውን ይዞ ክፍላችን ገባ።

«እትዬ፣ የዚያን ጫፍ ካሜራ ከደወሉ እንነጥለዋለን።»

«ለምን?»

«አይሰሙም እንዴ? ጠዋት ስትጮህ ምን አደረጉ?»

«ቀና ብዬ አየሁ።»

«አሁንስ?»

እውነቱን ነበር። ከረፋድ በኋላ ጯሂዋ ስትጮህ ቀና ማለቱን ትቼ ነበር፤ እጄ በራሱ ሄዶ ያጠፋታል።

«እንግዲህ» አለ፣ «ዝም ብሎ የሚጮህ ደወል ካለመኖሩ ይብሳል። የምር ሰው የወደቀ ቀን የተሳለመ ይመስለናል። ለዚያ ጫፍ የብረት አጥር ጠይቄያለሁ፤ እስኪፈቀድ ግን ይነጠል።»

«እስኪፈቀድ ማን ያያል?»

«እርስዎ።»

«እኔ ሰው ነኝ።»

«ለዚያ እኮ ነው» አለና ወጣ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለውም ሐሰት አልነበረም። ያ ደግሞ ይበልጥ ያንገበግባል። ክፉ ቢሆን እጠላው ነበር፤ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጫፏን የምታየዋን ስክሪን ትቼ ሌላ ማየት አቃተኝ። የወለቀ ጥርስ ቦታ እንደሚፈልግ ምላስ፣ ዓይኔ ሄዶ ሄዶ እዚያው። ውኃ ለመጠጣት ስነሳ አንገቴን ወደኋላ አዙሬ ነው። ቤት ገብቼ መጽሐፍ ስከፍት መስመሮቹ መሃል ቢጫ መስመር ይታየኛል።

የራሴም ጉዳይ ነበረበት። ከተሳላሚዎቹ አንዷ አክስቴ ናቸው።

አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከልደታ ማርያም ጀርባ ነበር። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ አያት ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ በከተማው ሌላኛው ጫፍ። እኔ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ቀረሁ። «ከማርያም ጉያ አውጥተው ሜዳ ላይ ጣሉኝ» ይላሉ፤ ቤቱ ግን ከድሮው ይሻላል፣ እሱንም ያውቃሉ። ባቡሩ ሲመጣ በጣም ደስ ያላቸው ለዚህ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከአያት ይሳፈሩና ልደታ ይወርዳሉ። ጉልበታቸው ግን የእኛን ጣቢያ ደረጃ አይችልም፤ ሊፍቱም ያን ሰሞን ጥገና ላይ ነበር። ወደ አያት የሚመልሰው ባቡር ደግሞ የሚቆመው በማዶው መድረክ ነው፤ ወደዚያ መሻገሪያውም ደረጃ ነው። ስለዚህ ዘዴ አገኙ፦ መድረኩ ላይ ወርደው፣ ከጫፉ ተሳልመው፣ ቀጣዩን ባቡር ይዘው እስከ መጨረሻው እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳሉ፤ እዚያ መሬቱ ልክ ነው፣ ደረጃ የለውም፤ በመልሱ ባቡር ወደ አያት ይመለሳሉ። ለደረጃው ሲሉ ከተማውን ዞረው መሄዳቸው ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ያቺ የመድረክ ጫፍ ሆነች።

በስክሪኑ አያቸዋለሁ። በዚያ ቀን ሻይ ይዤላቸው እወጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ ጎረቤቴም መድረኩ ላይ ትገኛለች፤ የወሎ ሴት ናት፣ ሙስሊም፣ መርካቶ ጨርቅ የምትነግድ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት የምትኖር። ባቡር ስትጠብቅ ከአክስቴ ጋር መቃለድ ትወዳለች።

«እትዬ» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ካሜራው ከደወሉ ከተነጠለ በኋላ፣ «ወደኋላ ብለው ቢሳለሙስ? ማርያም እንደሆነች ከየትም ታይዎታለች።»

«እሷማ ታየኛለች። እኔ ነኝ የማላያት። ከኋላ ስሆን የሚታየኝ የቢራ ማስታወቂያው ነው። ለጠርሙስ ልስገድ?»

«ለጠርሙስ የሚሰግደውማ ሞልቷል፣ እትዬ!» አለች ጎረቤቴ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ፤ አንቺ ወዴት እንደምትዞሪ ታውቂያለሽ፣ ተጋርዶብሽም አያውቅ።»

«እኛማ ባናይም አቅጣጫው ይበቃናል።»

«እንግዲህ የኔ አቅጣጫ እዚህ ነው!» በምርኩዛቸው ቢጫውን መስመር መቱት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ እያየሽ አንገትሽን ሰብረሽ ታልፊያለሽ? እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?»

«እትዬ፣ ባቡሩ ይመታዎታል።»

«ማርያምን ሰላም ስል ባቡር መትቶኝ ብሞት ምን ይለኛል?»

«እርስዎን ምንም አይልዎ። እኔ ነኝ ከታች ሆኜ የማየው።»

ምርኩዛቸውን ከመስመሩ ላይ አነሱ። የገባቸው መስሎኝ ነበር። «ታዲያ አትይ» አሉኝ።

እንዲህ እየሆነ ግንቦት ልደታ ደረሰ። የዓመቱ ነው። በየሰፈሩ ንፍሮ ይቀቀላል፤ በእኛም ኮንዶሚኒየም ግቢ ሴቶቹ ከዋዜማው ብረት ድስት ሲያወርዱ ነበር። ባቡሩ ሰው አይችል፤ መድረኩ ነጭ ለብሷል። ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ቅዳሴው፣ ከበሮው፣ እልልታው እስከ ክፍላችን ጣሪያ ይሰማል። መሐንዲሱ ዘበኞች ጨምሯል፤ ሁለቱን ጫፉ ላይ አቁሟቸዋል። እነሱም ከሕዝቡ ጋር ይሳለማሉ። ምን ይደረጋል፣ እነሱም የማርያም ልጆች ናቸው።

ጯሂዋ በዚያች ካሜራ አፏ ታስሯል። እኔ ቆሜ ነበር። ወንበሩን ወደ ግድግዳ ገፍቼ፣ ማይክሮፎኑን በእጄ ይዤ፣ እንደ ሚዳቋ አንድ ቦታ ሳልረጋ። አክስቴን አየኋቸው፤ ከባቡር ወረዱ፣ ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ወደ ጫፉ አዘገሙ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ለአሮጊት ቦታ መልቀቅ ደግ ነገር ነው፣ ግን የለቀቁላቸው ቦታ ከሁሉም ፊት፣ ጠርዙ ጋ ነው። ከጎናቸው ሌሎች አሮጊቶች ተሰለፉ። ከኋላቸው ሕዝብ።

ቀጣዩ ባቡር ከቀደመው ጣቢያ እንደተነሳ ሌላኛው ስክሪን አሳየኝ። የባቡር መግቢያ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ የተቀዳችው ሴት ተናገረች። በከበሮው መሃል ማን ይሰማታል። በማይክሮፎኑ «ባቡር እየገባ ነው፣ ወደኋላ!» አልኩ። ሁለት ሦስት ሰው ዞር አለ። አሮጊቶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። አክስቴ እንደ ልማዳቸው ሦስት ጊዜ ነው የሚሰግዱት፤ የመጀመሪያውን ገና መጀመራቸው ነው። ነጠላቸው ከጠርዙ አልፎ በነፋሱ ይውለበለባል። ባቡሩ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ታየ። ጡሩምባውን ነፋ፤ እልልታው ዋጠው።

ያን ጊዜ ያልኩትን አስቤ አላልኩትም። ልጅ ሆኜ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በአክስቴ ነጠላ ሥር ስንት ጠዋት የሰማሁት፣ ሰው ሁሉ ከተደፋበት የሚነሳበት አንድ ቃል አለ፤ እሱ ነው የወጣኝ። ማይክሮፎኑን አፌ ላይ አስደግፌ፣ ዲያቆኑ እንደሚለው፣ በዜማው ጭምር፦

«ተንሥኡ ለጸሎት!»

መድረኩ ቀጥ አለ።

በአንድ ጊዜ። አሮጊቶቹ፣ ዘበኞቹ፣ ባለ ክራቫቶቹ፣ ሁሉም። የጎበጠ የለም። በስክሪኑ ስመለከት ሜዳ ሙሉ የተኛ ሣር ነፋሱ ሲያልፍለት ቀና እንደሚል ነበር። ከዚያ መልሱ መጣ፤ ከስክሪኑ ሳይሆን ከጣሪያዬ፣ በኮንክሪቱ ውስጥ አልፎ፦ «እግዚኦ ተሣሃለነ»። ሰው በልማዱ መለሰ። ባቡሩም ከፊታቸው አለፈ፤ ከአክስቴ አፍንጫ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ነጠላቸውን ወደ ጎን እያበረረ። ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሕዝቡ እንደ ማንኛውም ቀን እየተጋፋ ገባ።

እኔ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጄን አየሁት። እጄ እንደራሴ አልመሰለኝም።

መሐንዲሱ በሩን ከፍቶ ገባ። አፉ ተከፍቶ ነበር።

«እትዬ… ምንድን ነው ያሉት?»

«ተንሥኡ ለጸሎት።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀ ነው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ በአንድ ጊዜ አቆመ፤ ፊቱ ነጣ።

«ባይሉትስ ኖሮ?» አለ።

ወደ ግድግዳ የገፋሁትን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ እሱ ደግሞ እንደ ተማሪ አጠገቤ ቆመ። የተቀዳውን ምስል አወጣንና ደጋግመን አየን። እያየ ያጉተመትማል። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት፣ በመምጣቱ ጊዜ፣ ካለፈ በኋላ። እኔ የማየው አክስቴን ነው፤ እሱ የሚያየው ሌላ ነበር።

«ይመልከቱ» አለ ድንገት። «ሁሉም እግራቸው ከመስመሩ ወዲህ ነው። ያለፈው ጭንቅላታቸው ነው። እኛ ማሽኗን ጭንቅላትም እግርም እኩል እንድትቆጥር አድርገናት፣ መልሰን ጮኸች ብለን አፏን አሰርናት።»

«ጭንቅላትም ይመታል እኮ» አልኩ። ላልፈው አልቻልኩም።

«ባቡር ሲመጣ። ባቡር በሌለ ጊዜ የጎነበሰ ሰው ምን ይሆናል? ምንም። ስለዚህ ባቡር ሩቅ ሳለ እግር ብቻ ታያለች። ባቡሩ ካለፈው ጣቢያ ከተነሳ በኋላ ግን ነጠላም ቢያልፍ ትጮሃለች። ያኔ ስትጮህ የምር ነው።»

«መድረኩ ላይስ ማን ይሰማታል? ዛሬ አልሰሟትም።»

አየኝ። «እርስዎ ያሉትን መቅዳት አንችልም፣ እትዬ።»

«ይቅዱት አላልኩም።»

«እንኳን አላሉ፤ ቤተ ክህነት ይከሰን ነበር።» ትንሽ አሰበ። «ድምፁን ከቤተ ክርስቲያኑ ማጉያ በተለየ መንገድ እናድርገው። መብራትም። መስመሩ ራሱ ቢበራስ? የተደፋ ሰው የሚያየው መሬቱን ነው።»

ያን ቀን ማታ ግቢ ውስጥ ንፍሮ ሲበላ ጎረቤቴ ወሬውን ይዛ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች። መድረኩ ላይ ነበረች።

«ሴቶች፣ ስሙኝ! እኔ ባቡር እየጠበቅኩ ነው፣ ቡና እንኳ አልጠጣሁም፣ በዚያች የአህያ ጆሮ በሚያክል ማጉያ ይቺ ዝምተኛዋ ጎረቤታችሁ ቄስ ሆና አትመጣም መሰላችሁ? ወላሂ፣ እኔ ሙስሊሟ ቀጥ ብዬ ቆምኩ! ከረጢቴ ከእጄ ወደቀ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ‹እግዚኦ› ሲል እኔም ልል ስል ነው አፌን የያዝኩት!»

ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅኩም። አክስቴ አልደወሉልኝም። እኔም ልደውል ስልኩን አንስቼ አስቀምጣለሁ።

የደወሉት በሳምንቱ ነው።

«ዲያቆን ሆንሽ አሉኝ» አሉ፣ ሰላምታ ሳይቀድም።

«እትዬ…»

«ሴት ልጅ በባቡር ማጉያ ተንሥኡ ትላለች? እኔ ተሳልሜ ሳልጨርስ፣ በመጀመሪያው ላይ ቀጥ አድርገሽ አቆምሽኝ። ለማን እንደተነሳሁ ሳላውቅ ተነሳሁ። ለባቡር ተነሳሁ!»

«ለራስዎ ነው የተነሱት።»

«ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው።»

ደነገጥኩ። «ምን አሉ?»

«ሳቁ።» ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር፤ ቄስ ይስቃል እንዴ የሚል። «ከዚያ ‹ልጅቱ ትስገድ› አሉ። ስገጂ ብለዋል። ነግሬሻለሁ።»

ሰገድኩ፤ የታዘዘውን አንድም ሳላጓድል። አንድም ቃል አልጸጸተኝም ግን፤ ይህንንም ለነፍስ አባታቸው እንዲነግሩ አልፈቀድኩም።

በወሩ ማሽኗ ተስተካከለች። ቢጫው መስመር ላይ ትናንሽ መብራቶች ተቀበሩ፤ ባቡሩ ሲቃረብ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ሰኔ ልደታ ጠዋት ዝናብ ነበር። ጯሂዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሰው ይመጣል፣ ያማትባል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይሄዳል፤ ዝም። ባቡር ከወዲያኛው ጣቢያ ሲነሳ መሬቱ ብልጭ ይላል፤ የተደፋው ሁሉ ብርሃኑን አይቶ ወደኋላ ይላል። መሐንዲሱ ክንዶቹን አጣምሮ ከኋላዬ ቆሟል፤ ትንፋሹን እሰማዋለሁ። አንድ ጎልማሳ ባቡሩ እየገባ አንገቱን ሲያወጣ ጮኸች፤ እኔም በስሜ የተጠራሁ ያህል ቀና አልኩ፤ ሰውየውም ዘሎ ወደኋላ። «ያውና!» አለ መሐንዲሱ።

ሥራው ሠርቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ አክስቴ ወረዱ። በስክሪኑ ነጠላቸውን ለየሁት። ወደ ጫፉ ዞሩ፤ ቆሙ። መሬቱን አዩት፤ መብራቶቹን። ቀና ብለው ካሜራውን አዩት፤ እኔን ማለት ነው፣ የት እንዳለሁ ያውቃሉ። ከዚያ ዞሩና ወደ ደረጃው ሄዱ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አልኩ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።

ደረጃው መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ያበቃል። ምርኩዛቸው፣ ነጠላቸው፣ ከዚያ ግድግዳ። ደረጃው ላይ ካሜራ የለም። ዝናብ ያረጠበው ሲሚንቶ ነው፤ የሚወርደው ሕዝብ ደግሞ ጎርፍ ነው። የሚቀጥለው ስክሪን የሚያሳየው የደረጃውን ግርጌ ነው። ግርጌውን አየሁ። አልመጡም። እንደገና አየሁ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ።

«ይሂዱ» አለ መሐንዲሱ። ወንበሬን ጎትቶ ተቀመጠ። «እኔ አያለሁ።»

«ጫፏን…»

«ጫፏን አያለሁ። ይሂዱ እትዬ!»

መሃል ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰው በግራና በቀኝ ይፈስሳል፤ አንዳንዱ «እናቴ፣ ይነሱ፣ ይረግጡዎታል» እያለ ያልፋል። ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ይተነፍሳሉ።

«ምን ሆኑ? ወደቁ እንዴ?»

«ማን ይወድቃል። አረፍኩ።»

«ለምን ከላይ አልተሳለሙም? ተስተካክሏል እኮ። አይጮህብዎትም።»

«አንቺ ከምትጮኺብኝ ደረጃው ይግደለኝ» አሉ። ከዚያ፣ ዝቅ አድርገው፦ «አንዴ ለባቡር ተነስቻለሁ። ከአሁን በኋላ እዚያ ቆሜ ጎንበስ ስል ባቡሩን ነው የማስበው። እሷን ደጇ ሄጄ ሰላም ልበላት።»

«ጉልበትዎ?»

«ጉልበቴን ለእሷ ንገሪያት፤ እኔ አልችልም ብያታለሁ እንዴ?»

ወደ ታች ስንት እንደቀረ አየሁ፤ ከዚያ መንገዱን፤ መንገዱ ላይ ሚኒባሶቹን፣ ማንም ለማንም የማይቆምበትን። በምን እንደማሻግራቸው ማሰብ ጀመርኩ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ሲሚንቶው ቀሚሴን አረጠበው። ዝናቡ በጣሪያው ጠርዝ ይንጠባጠባል።

ከላይ የተቀዳችው ሴት ተናገረች፤ ክፍላችን ውስጥ ጯሂዋ ጮኻለች ማለት ነው። ሳላስበው ብድግ አልኩ። አክስቴ ቀሚሴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ወዴት? ቁጭ በይ።»

«እየጮኸች ነው።»

«ተይው። እዚያ ሰው አለ አይደል? ቁጭ በይ፤ ትንፋሼ ይመለስ፤ ከዚያ ትወስጂኛለሽ።»